የቅዳሜ ግብር

ነገሩ ሁሉ የተጀመረው አንድ የአማርኛ ቃል በትክክል ባለማወቄ ነው።

ኬኒንግተን ውስጥ አንዲት የጋና አዛውንት እረዳ ነበር። ሥራዬ ኬረር ነው፤ በየቤቱ እየዞርኩ አረጋውያንን አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ ቁርስ አቀርባለሁ። እኚህን ሴት «እማማ» እላቸው ነበር። ትርጉሙን ስነግራቸው በጣም ስለወደዱት ከዚያ ወዲያ በስማቸው ብጠራቸው ይቆጡኝ ነበር። አንድ ሰኞ ጠዋት እግራቸውን ቅባት እየቀባሁ ሳለ፣ «የቅዳሜው ትምህርትሽ እንዴት ነበር?» አሉኝ።

«ቀረሁ» አልኳቸው። «ታክስ ነበረብኝ።»

«ምን ነበረብሽ?»

«ታክስ። ቅዳሜ ቅዳሜ ብሪክስተን ውስጥ ታክስ አለ።»

እማማ እግራቸውን ከእጄ ሳብ አድርገው ትኩር ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ እዚህ አገር ሃምሳ ዓመት ኖሬያለሁ። ያልቀረጡኝ ነገር የለም። ግን ቅዳሜ ቀን ብሪክስተን ድረስ በእግር ተሄዶ የሚከፈል ታክስ ሰምቼ አላውቅም። ማን ነው የሚቀበልሽ?»

«ሁሉም ሰው ይበላዋል» አልኩ።

«እሱስ እውነትሽን ነው» አሉና እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔ ያሳቃቸው ነገር አልገባኝም።

ብሪክስተን ውስጥ የአገራችን ሰዎች ማኅበር በየቅዳሜው የሚከራየው አዳራሽ አለ። ሰው ይሰበሰባል፣ ንግግር ይደረጋል፣ ከዚያ ምሳ ይበላል። ምሳውን የምንሠራው ሴቶች ነን። የወጥ ቤቱ አለቃ ከሁላችንም ቀድመው ለንደን የገቡ፣ «እትዬ» የምንላቸው ሴት ናቸው። የእትዬ አማርኛ ከአገር የወጡበት ዘመን ላይ እንደቆመ ነው፤ ዛሬ አገር ቤት እንኳ የማይሰማ ቃል ይናገራሉ። በየሐሙሱ ደውለው «ቅዳሜ ግብር አለ፤ እንዳትቀሪ» ይሉኝ ነበር። እኔ የማውቀው ግብር አንድ ብቻ ነው፤ አባቴ በየዓመቱ ለመሬቱ ቀበሌ ሄዶ የሚከፍለው። ግብር ግብዣም መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው።

ምን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። እኔ ነገር አልጠይቅም ነበር። ሰው ሲያናግረኝ ፊቴ ይግላል፣ ድምፄ ይጠፋል። ጠይቄ ከሚሳቅብኝ ተሳስቼ ብኖር ይሻለኝ ነበር። ደግሞም ቃሉ ከነገሩ ጋር የገጠመ መሰለኝ። የማኅበሩ ሊቀመንበር፣ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው ሰው፣ አገሩን ሳላውቅ ስመጣ ወረቀቴን ሞልተውልኛል፤ ወዳጃቸው ቤት አንዲት ክፍል አግኝተውልኛል። ይህንንም ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ይናገሩ ነበር። «ይቺን ልጅ እኔ ነኝ ሰው ያደረግኋት» ይላሉ፤ እኔ ፈገግ እላለሁ። እንግዲህ የዚህ ሁሉ ውለታ ክፍያ ነው ብዬ ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋት እስከ ማታ ምስር ስለቅም፣ ድስት ስፈገፍግ፣ ወለል ስጠርግ ኖርኩ። ጋሼ «ማገልገል በረከት ነው» ይሉናል። እሳቸው ሲያገለግሉ ግን አይቼ አላውቅም።

ትምህርቱን እንድጀምር የገፋፉኝ እማማ ነበሩ። በሥራችን፣ ከእያንዳንዱ ቤት ከመውጣታችን በፊት የሆነውን በእንግሊዝኛ መጻፍ አለብን። እኔ አንደኛ ደረጃን ብቻ ነው የተማርኩት፤ እንግሊዝኛ መናገር እዚሁ እየሠራሁ ለመድኩ እንጂ መጻፍ አልችልም ነበር። ስለዚህ የትናንቱን መስመር እያየሁ እገለብጥ ነበር፤ «ቁርሷን በደንብ በልታለች፤ የሚያሳስብ ነገር የለም» የሚለውን። አንድ ቀን እማማ አሟቸው ምንም ሳይቀምሱ ዋሉ። እኔ ያንኑ ገለበጥኩ። በማግሥቱ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡትና፣ «እዚህ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ሆዳም ናት። እኔ ትናንት ውኃ እንኳ አልወረደልኝም። ብሞት ኖሮ በደንብ በልታ ሞተች ይሉኝ ነበር» አሉኝ። እየቀለዱ ነበር፤ እኔ ግን አፈርኩ። ፈራሁም። የምጽፈውን አይቶ መድኃኒት የሚያዝ ሰው አለ።

ክሮይደን ውስጥ ለአዋቂዎች ንባብና ጽሕፈት የሚያስተምሩበት የቅዳሜ ክፍል አገኘን። ክሮይደን ድሮ ለመኖሪያ ወረቀቴ ጉዳይ ብቻ ተጠርቼ የምሄድበት ቦታ ነበር። አሁን ግን ለራሴ ጉዳይ ልሄድበት ነው። ደንቡ ግን ጥብቅ ነው፤ ሦስት ቅዳሜ የቀረ ሰው ወንበሩ ለተጠባባቂ ይሰጣል። እኔ ከጀመርኩ ወር ሳይሞላኝ በዚያው «ታክስ» ምክንያት ሁለት ቅዳሜ ቀርቼ ነበር። ክፍል በሄድኩባቸው ቅዳሜዎች ለእትዬ ሥራ ገባሁ ብያቸው ነበር። አሁን አንድ ብቻ ቀረኝ።

ያን ሰኞ ይህንን ስነግራቸው የእማማ ሳቅ ጠፋ። ለማን እንደምሠራ፣ ማን እንዳዘዘኝ፣ ምን እንደማገኝ አንድ በአንድ ጠየቁኝ። ከዚያ «የእናንተን አገር ማን ነበር የገዛው?» አሉ።

«እኛ ቅኝ አልተገዛንም» አልኳቸው። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ያደግሁት ነገር ስለሆነ በዚህኛው ድምፄ አልጠፋም።

«ጎሽ! ታዲያ ቅዳሜሽን ማን ወሰደው?»

ካልሲያቸውን አደረግኩላቸው።

«አባቴ የካካዎ ገበሬ ነበር» አሉ እማማ። «ካካዎ ታውቂያለሽ? ቸኮሌት የሚሠሩበት ፍሬ። እናቴ ጆንያውን በራሷ ተሸክማ እስከ ነጮቹ ነጋዴዎች ሚዛን ድረስ ታደርሰዋለች። ሚዛኑ የእነሱ ነው። ዋጋውን የሚቆርጡትም እነሱ ናቸው። ድሮ እርስ በርስ ሲሻሙ ገበሬው ትንሽ ትንሽ ይተነፍስ ነበር። አንድ ጊዜ ግን ተሰብስበው ከዚህ ዋጋ በላይ ማንም እንዳይገዛ ተባባሉ። ሻጩ አገር ሙሉ፣ ገዢው እንደ አንድ ሰው።»

«ገበሬዎቹስ? ጮኹ?»

«መጮሁስ ማን ይሰማቸዋል? ቤታቸው ተቀመጡ። ካካዎውን አልሸጥም አሉ። ከነጋዴዎቹ ሱቅ ጨርቅም ሳሙናም አልገዛም አሉ። እኔ ያኔ ጡት ላይ ነበርኩ፤ እናቴ ናት የነገረችኝ። ጆንያው ጣራ ድረስ ተከምሮ፣ አይጥ እየበላው፣ ሽታው ልብሳችን ውስጥ ገብቶ፣ እሷ ያረጀ ጨርቅ እየጣፈች ታለብሰን ነበር። ሰው ሁሉ ዝም ብሎ መቀመጥ ቀላል ይመስለዋል። ከባድ ነው።»

እኔ መቀመጥ ቀላል አይመስለኝም። ዝም ማለትን ግን አውቅበታለሁ። ዝምታ እንዲህ ያለ ሥራ ሊሠራ እንደሚችል የነገረኝ ሰው አልነበረም።

እማማ ቀጠሉ። «ትንሽ ከፍ ስል ደግሞ የመንግሥት ሰዎች መጥረቢያ ይዘው መጡ። ዛፉ ታሟል፣ በሽታው እንዳይዛመት ይቆረጥ አሉ። ምናልባት እውነታቸውን ይሆናል። አባቴ ግን ገና ፍሬ የያዘውን ዛፉን ሲቆርጡት ቆሞ አየ። ካካዎ ተተክሎ ፍሬ እስኪሰጥ ስንት ዓመት እንደሚያስጠብቅ የሚያውቅ እሱ ነው። ስለ ነፃነት ማውራት የጀመረው ያን ቀን ነው። ሰንደቅ ዓላማችን ምን ዓይነት ቀለም እንደሚኖረው አያውቅም ነበር። የካካዎን ዋጋ ግን ያውቅ ነበር።»

«ነፃ ከወጣችሁ በኋላስ ዋጋው ተስተካከለ?»

እማማ በንቀት ጥርሳቸውን ፉጨት በመሰለ ድምፅ መጠጡ። «ነጩ ሄደ፤ ሚዛኑን የእኛው ሰዎች ያዙት። አባቴ ከእነሱም ጋር ሲጣላ ሞተ። ስሚኝ፤ ሚዛን የያዘ ሰው ቋንቋሽን ስለተናገረ ብቻ ዓይንሽን ከእጁ ላይ እንዳታነሺ።»

በዚያው ሳምንት፣ ረቡዕ፣ ጋሼ ራሳቸው ደወሉልኝ። እሳቸው መደወላቸው ብርቅ ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ የፊታችን ቅዳሜ ልዩ ቀን ነው። ‹የአፍሪካ የነፃነት ትግል› በሚል ርዕስ ንግግር አደርጋለሁ። ከሌሎች አገሮች ማኅበራት እንግዶች ይመጣሉ። ምሳው የሚያኮራ መሆን አለበት። በማለዳ ድረሺ።»

«እሺ ጋሼ» አልኩ። ቃሉ ከአፌ የወጣው ሳላስበው ነው። ስልኩን ዘግቼ ባስ ውስጥ እንደተቀመጥኩ በራሴ ተናደድኩ። ስለ ነፃነት የሚወራበት ቀን ሦስተኛዋን ቅዳሜዬን ሊወስዳት ነው። የምወርድበትን ፌርማታ አልፌ ሄድኩ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሥራዬን ጨርሼ አዳራሹ ሄድኩ፤ ለትልቅ ቀን ዝግጅት የሚጀመረው ዓርብ ነው። እትዬ ከሁለት ሴቶች ጋር ወጥ ቤት ውስጥ ነበሩ። ኮቴን ሳላወልቅ በር ላይ ቆምኩ።

«እትዬ፣ ነገ አልመጣም።»

«ኧረ በስመ አብ! ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ትምህርት አለኝ።»

ከሴቶቹ አንዷ፣ ቀልድ የሚወጣላት፣ ወገቧን ይዛ ወደ እኔ ዞረች። «ዶክተር ልትሆኚልን ነው? በይ ዶክተር፣ እዚህ ጋ ይወጋኛል፤ አንድ ነገር እዘዥልኝ።»

ሳቁብኝ። እኔም ከእነሱ ጋር ሳቅሁ፤ ኮቴን ግን አላወለቅኩም።

«ግብሩን ታዲያ ማን ሊያደርሰው ነው?» አሉ እትዬ።

«እትዬ፣ ይሄን ግብር ግን ለምን እኛ ብቻ እንከፍላለን?»

«እንከፍላለን?» እትዬ ማማሰያቸውን እንደያዙ አዩኝ። «ምኑን ነው የምንከፍለው?»

«ግብሩን።»

ሲገባቸው ጮክ ብለው ሳቁ። «አይ ሞኚት! ግብር እኮ ግብዣ ነው። ድሮ ንጉሥ አዳራሽ ሙሉ ሰው ሰብስቦ ሲያበላ ግብር ገባ ይባላል። ጋሼ ፊት ለፊት እንደ ንጉሥ ሲቀመጡ እያየሁ በቀልድ ነው የምለው። ሁለት ዓመት ሙሉ ቀረጥ የምትከፍይ መስሎሽ ነበር?»

ሴቶቹ ግድግዳ ተደግፈው ሳቁ። ፊቴ እሳት ሆነ፤ መሬቱ ቢከፈት እገባ ነበር። እትዬ ግን ሳቃቸው መሃል ላይ ቀዘቀዘ። ማማሰያውን አስቀመጡና እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ።

«ቆይ ግን» አሉ። «አያቴ ለባላባቱ የማር ግብር ይገብር ነበር። በየዓመቱ ማር በጉንዶ፣ በዚያ በትልቁ የማር ዕቃ፣ ተሸክሞ ያገባል። ከዚያ ባላባቱ ሲያበላ አያቴም ይጠራል። በር ሥር ተቀምጦ አንድ ዋንጫ ጠጅ ይሰጡታል። እጅ ነሥቶ ይጠጣና ማታ ‹ጌታዬ ጠጅ አጠጡኝ› እያለ እየዘፈነ ይመለስ ነበር አሉ።» ወደ ድስቱ ዞሩ። «ማሩ የማን ነው? እስከ ዛሬ እኮ ይሄን አስቤው አላውቅም።»

ቀልደኛዋም አልቀለደችም።

ጋሼ የገቡት በዚህ መሃል ነው። የነገውን ንግግር የጻፉበትን ወረቀት ጠቅልለው በብብታቸው ይዘዋል። ወጥ ቤት ውስጥ ሲገቡ ሁሌም እንደሚያደርጉት አንዱን ድስት ከፍተው አዩና ከደኑት።

«ጋሼ፣ ዶክተሯ ነገ ቀጠሮ አለባት» አለች ቀልደኛዋ።

«የምን ቀጠሮ?»

እትዬን አየሁ። እትዬ ድስታቸውን አዩ። መመለስ ያለብኝ እኔው ነበርኩ።

«ትምህርት ነው ጋሼ። ክሮይደን። ነገ ከቀረሁ ወንበሬን ለሌላ ሰው ይሰጡታል።»

«እሺ ብለሽኝ አልነበረም?»

«ብዬ ነበር። ተሳስቼ ነው።»

ጋሼ አልተቆጡም። ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ለሕፃን እንደሚያስረዱ ሁሉ ድምፃቸውን አለሰለሱት። «ትምህርት የትም አይሄድም የእኔ ልጅ። ነገ የምናስበው የነፃነትን ዋጋ ነው። ሰዎች ደማቸውን ያፈሰሱበትን ቀን ስናስብ አንድ ድስት ማጠብ ከበደሽ?»

«እነዚያ ሰዎች ምን ፈልገው ነው የታገሉት ጋሼ?»

ጥያቄው ከእኔ መውጣቱ እኔኑ አስደነገጠኝ። ጋሼ ግን ጥያቄ ይወዳሉ፤ ቀጥ ብለው ቆሙ። «ክብራቸውን! ማንነታቸውን! የራሳቸው ሰንደቅ ዓላማ ከፍ ብሎ እንዲውለበለብ።»

«ካካዎውስ?»

«ምን አልሽ?»

«የጋና ሰዎች ካካዎ ነበራቸው። የሚመዝነው ሌላ ሰው፣ ዋጋውን የሚቆርጠው ሌላ ሰው ነበር። መጀመሪያ የተጣሉት በዚያ ነው። ሰንደቅ ዓላማው በኋላ ነው የመጣው።»

«ነገሩን ሁሉ ሆድ አደረግሽው እኮ! ሰው ለሆዱ ብቻ አይታገልም።»

«ሆድ አይደለም ጋሼ። የራሳቸው ስለሆነ ነው። ተክለው፣ ለቅመው፣ ተሸክመው ያመጡት የራሳቸው ነገር ስለሆነ።»

«ይሄን ማን ነገረሽ?»

«የማጥባቸው ሴትዮ።»

ጋሼ ወደ ሴቶቹ ዞረው እጃቸውን ዘረጉ። «ሰማችሁ? ወረቀቷን የሞላሁላት እኔ። ቤት የፈለግሁላት እኔ። አሁን ስድስተኛ ክፍል ይዛ ታሪክ ልታስተምረኝ ነው!»

«ስድስተኛ ክፍል ስለሆንኩ ነው እኮ የምማረው» አልኩ። «ውለታዎን አልረሳሁም። ሁለት ዓመት ቅዳሜዬን ስሰጥ ነበር። የነገዋ ግን የእኔ ናት።»

ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ይንቀጠቀጥ ብዬ ተውኩት። ከዚያ ወጣሁ። ውጭ ገበያተኛው ሣጥኑን እየሰበሰበ ነበር፤ አንዱ የዓሣ ነጋዴ ውኃ ሲደፋ ጫማዬ ላይ ደረሰ። ይቅርታ ሲለኝ በእጄ ግድ የለም ብዬ ወደ ባስ ፌርማታው ሄድኩ።

በማግሥቱ ጠዋት በስትሬታም አድርጎ ክሮይደን የሚገባውን ባስ ያዝኩ። ስልኬ ጭኔ ላይ ደጋግሞ ጮኸ። የጋሼ ስም ሲመጣና ሲጠፋ አየሁ። አላጠፋሁትም፣ አላነሣሁትምም። ባሱ ፌርማታ ላይ በቆመ ቁጥር ውረጂና ተመለሺ የሚለኝ ነገር ውስጤ ነበር። ልመለስ ብል በእያንዳንዱ ፌርማታ ተቃራኒው ባስ አለ። አልወረድኩም።

ወንበሬ ባዶውን ጠበቀኝ። መምህሯ የመጣውን ሰው ስትመዘግብ ስሜን ጠራች፤ እንዳለሁ ነገርኳት። ያን ቀን የሰጠችን ሥራ ትናንት ያደረግነውን በአጭሩ መጻፍ ነበር። ብዙ ካሰብኩ በኋላ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ፤ «እምቢ አልኩ» የሚል። መምህሯ ከትከሻዬ በላይ አየችና አንድ ፊደል እንደገደፍኩ ነገረችኝ። ያቺ ፊደል ስትጎድል «አልኩ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል «ያዘነ» የሚል ይሆናል።

«አዝነሽ ነው ወይስ እምቢ ብለሽ?» አለችኝ እየሳቀች።

«አላዘንኩም» አልኳትና ፊደሏን ጨመርኩ።

አዳራሹ ውስጥ የሆነውን እሑድ የነገሩኝ እትዬ ናቸው። ምሳው ተሠርቷል፤ እንግዳ አይራብም ብለዋል። ንግግሩ ሲጀመር ግን እትዬ እሳቱን አጥፍተው፣ ሴቶቹን አስከትለው፣ ሽርጣቸውን እንደታጠቁ ወጥተው የፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጋሼ ከወረቀታቸው ቀና ብለው ሲያዩዋቸው ያነበቡትን መስመር ደግመው አነበቡት። የምሳ ሰዓት ደርሶ እንግዶቹ ወደ ወጥ ቤቱ በር ማየት ሲጀምሩ ጋሼ በእጃቸው ምልክት ቢሰጡ፣ በዓይናቸው ቢጠሩ፣ እትዬ አላየሁም አሉ።

«እስከ መጨረሻው ሰማነው» አሉኝ እትዬ። «ለመጀመሪያ ጊዜ። ረጅም ነው እኮ አንቺ!»

ነገሩ በሳቅ ብቻ አላለፈም። ክፍሏን ያከራየኝ የጋሼ ወዳጅ በዚያው ወር ለዘመዱ እንደሚፈልጋት ነገረኝ። በጋሼ ምክንያት ይሁን አይሁን አላውቅም፤ አልጠየቅኩም፣ አልለመንኩም። ኖርዉድ አካባቢ ከሌላ ኬረር ጋር የምንጋራው ጠባብ ክፍል አገኘሁ። ማኅበሩ ውስጥ «ውለታ ቢስ» የሚሉኝ ሰዎች እንዳሉ ሰምቻለሁ። ይበሉ።

ከዚያች ቅዳሜ በኋላ በነበረው ሰኞ ለእማማ ሁሉንም ነገርኳቸው። ከቁርሳቸው ግማሹን አስተረፉና ሳህኑን ወደ እኔ ገፉት። «ጻፊው» አሉኝ። ግማሹን እንደበሉ፣ ሻያቸውን እንዳልጠጡ፣ እግራቸው ትንሽ እንዳበጠ በራሴ ቃል ጻፍኩ። አነበቡና መጨረሻው ላይ አንዲት ነጥብ አስጨመሩኝ።

ሐሙስ ስልኬ ጮኸ። እትዬ መስለውኝ አነሣሁ። ጋሼ ነበሩ። ሰላምታቸው አጭር ነበር።

«ቅዳሜ ሰው አነሰን። እትዬ ሴቶቹ ካሁን በኋላ በተራ ነው የሚመጡት ትላለች። ወንዶቹም ተራ ይግቡ ትላለች። አንቺ ነሽ ይሄን ያመጣሽው።»

«ጋሼ፣ ቅዳሜ ትምህርት አለኝ።»

«አውቃለሁ። ከትምህርት በፊት ለአንድ ሰዓት ብቻ ነይ። ሽንኩርቱን ብቻ ላጪልንና ሂጂ።»

«አልመጣም ጋሼ። እርስዎ ይላጡት።»

የዘጉት መሰለኝ።

«እኔ ሽንኩርት መላጥ አላውቅም» አሉ በመጨረሻ፤ የእውነትም አያውቁም ነበር።

«ከሥሩ በኩል ይጀምሩ» አልኳቸው።